ሃራምቤ ስታርስ በዴኒስ ኦሊች ዘመን

ዴኒስ ኦሊች እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1985 ናይሮቢ ውስጥ ተወለደ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ለጨዋታ በደረሰበት ጊዜ የኬንያ ብሔራዊ ቡድን፣ ሃራምቤ ስታርስ፣ ከአህጉሩ መድረክ ርቆ ነበር። ቡድኑ በ1972፣ በ1988፣ በ1990 እና በ1992 ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሄዶ አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ ተመልሷል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ለአሥር ዓመት ማጣሪያውን እንኳ ማለፍ አልቻለም። ናይሮቢ አንድ ጎል አግቢ ስትጠብቅ የቆየች ከተማ ነበረች። የጠበቀችው ሲመጣም ሁሉን ነገር በእሱ ትከሻ ላይ ጫነች።

ኦሊች ስሙን ያስጠራው በማታሬ ዩናይትድ ማሊያ ነው። የክለቡ መነሻ በ1987 በማታሬ የድሆች ሰፈር የተቋቋመው የወጣቶች ስፖርት ማኅበር ነው። ማኅበሩ በሚያካሂደው ሊግ ነጥብ የሚገኘው በኳስ ብቻ አይደለም። ልጆቹ አካፋና ጋሪ ይዘው ቦዩን ከጠረጉ፣ ቆሻሻውን ካነሱ፣ ቡድናቸው ስድስት ነጥብ ይመዘገብለታል። ሁለት ጨዋታ አሸንፎ ከሚገኘው ጋር እኩል ነው። በዚህ ሥርዓት ጎል የሚያገባውም፣ ተቀያሪ ወንበር ላይ የሚውለውም እኩል አካፋ ይይዛሉ። ብሔራዊ ቡድኑ እንዲህ ያለ ሥርዓት አልነበረውም፤ ኋላ የመጣው ችግር ሁሉ ከዚህ ጉድለት ጋር የተያያዘ ነው።

ጁላይ 5 ቀን 2003 ኬንያ ለ2004ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ለማለፍ ናይሮቢ ላይ ከኬፕ ቬርዴ ጋር ተጫወተች። በምድቡ ቶጎና ሞሪታኒያም ነበሩ። አሰልጣኙ በቅጽል ስሙ «ጎስት» የሚባለው ጃኮብ ሙሌ ነበር። ጨዋታው 1 ለ 0 አለቀ፤ ጎሏን ያስቆጠረው የ18 ዓመቱ ኦሊች ነው። ከአሥር ዓመት በላይ በር የተዘጋበት ቡድን በአንድ ወጣት እግር ወደ ቱኒዚያ አለፈ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ታንዛኒያ ናይሮቢ መጥታ 3 ለ 0 ስትሸነፍ ሁለቱ ጎሎች የእሱ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የቡድኑ አጨዋወት ቀለል አለ፦ ኳሱ ከተገኘ ኦሊች ይፈለጋል።

እሱ ግን አገር ቤት አልቆየም። በ2003 ወደ ኳታሩ አል-አረቢ ተዛወረ። ያ ጊዜ ኳታር የውጭ ስፖርተኞችን ዜግነት እየሰጠች የምትሰበስብበት ወቅት ነው። ኬንያዊው የመሰናክል ሯጭ ስቲቨን ቸሮኖ በኦገስት 2003 ሰይፍ ሰዒድ ሻሂን ተብሎ በፓሪሱ የዓለም ሻምፒዮና የ3000 ሜትር መሰናክልን ለኳታር አሸነፈ። ለኦሊችም ዜግነቱን እንዲቀይር ጥያቄ ቀረበለት፤ አልቀበልም አለ። በማርች 2004 የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ፊፋ ከአገሩ ጋር ግልጽ ትስስር የሌለው ተጫዋች ለብሔራዊ ቡድን እንዳይሰለፍ ደንብ አወጣና ጉዳዩ በዚያው ተዘጋ። የኦሊችን ጠባይ በእልኸኝነቱ ብቻ የሚያነሡ ሰዎች ይህን እንቢታ መርሳት የለባቸውም። በኋላ ባለሥልጣናትን ያስቸገረው «አይሆንም» ባይነት ከዚህኛው «አይሆንም» የተለየ አልነበረም፤ ያን ጊዜ የጠቀመው ግን አገሩን ነው።

ቱኒዚያ ላይ ኬንያ በማሊ 3 ለ 1፣ በሴኔጋል 3 ለ 0 ተሸነፈች። ሦስተኛው ጨዋታ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2004 በቢዘርቴ ከተማ ከቡርኪና ፋሶ ጋር ተደረገ። ቀኑ ኦሊች 19 ዓመት የሞላበት ነው። ኢማኑኤል አኬ የመጀመሪያውን፣ ኦሊች ሁለተኛውን፣ ጆን ባራዛ ሦስተኛውን አስቆጠሩ። ቡድኑ ከምድቡ ባያልፍም በአፍሪካ ዋንጫ ታሪኩ የመጀመሪያውን ድል ይዞ ወደ ናይሮቢ ተመለሰ።

ደስታው ግማሽ ዓመት እንኳ አልቆየም። በጁን 2004 መንግሥት በፌዴሬሽኑ ጉዳይ ጣልቃ ገብቷል በሚል ፊፋ ኬንያን አገደ። እገዳው በጥቂት ወራት ቢነሣም አስተዳደሩ አልተስተካከለም። ለ2006 ዓለም ዋንጫ በተደረገው ማጣሪያ ሃራምቤ ስታርስ ማላዊን 3 ለ 2፣ ጊኒን 2 ለ 1፣ ቦትስዋናን 1 ለ 0 በሜዳው ሲያሸንፍ በሦስቱም ጨዋታዎች የኦሊች ስም ከጎል አስቆጣሪዎች ዝርዝር አልጠፋም። ከሜዳው ሲወጣ ግን ሞሮኮ 5 ለ 1 ረታችው። አንድ አጥቂ ጨዋታ ሊያሸንፍ ይችላል፤ ለአሥር ጨዋታ የሚበቃ ቡድን መሥራት ግን የእሱ ሥራ አይደለም።

ያ ወቅት በሌላው የዓለም ክፍል የአንድ ኮከብ ጠባይ ቡድንን ምን ያህል እንደሚያናጋ በግልጽ የታየበት ነበር። በአሜሪካ እግር ኳስ ከሩቅ የሚወረወረውን ኳስ በእጁ የሚቀበለው ቴሬል ኦወንስ በ2004 ፊላደልፊያ ኢግልስን ተቀላቀለ። በዚያው የውድድር ዘመን ቡድኑ ለፍጻሜ ደረሰ። ኦወንስ እግሩ ከተሰበረ ከሰባት ሳምንት በኋላ በፍጻሜው ገብቶ ዘጠኝ ኳስ ተቀበለ፤ ቡድኑ ግን በ3 ነጥብ ልዩነት ተሸነፈ። በማግሥቱ ዓመት ውሉ ይሻሻልልኝ ብሎ ተጣላ፣ ኳስ የሚወረውርለትን ጓደኛውን ዶኖቫን ማክናብን በአደባባይ ነቀፈ፤ በኖቬምበር 2005 ክለቡ አገደው። ያን ዓመት ኢግልስ 6 ጨዋታ አሸንፎ በ10 ተሸነፈ። ፊላደልፊያ ለማገድ የሚያስችል ውል፣ የተጻፈ ደንብና ክርክሩን የሚዳኝ ገላጋይ ነበራት። ናይሮቢ አንዳቸውም አልነበሯትም፤ የሁለቱ ታሪክ የሚለያየውም እዚህ ላይ ነው።

ኦሊች በ2005 መጨረሻ ኳታርን ለቆ ወደ ፈረንሳዩ ናንት ሄደ፤ በጃንዋሪ 2007 ደግሞ ወደ ኦሴር ተዛወረ። እሱ በአውሮፓ ሲደላደል ቡድኑ አገር ቤት እየፈረሰ ነበር። በሴፕቴምበር 2006 ኤርትራ ናይሮቢ ድረስ መጥታ ኬንያን 2 ለ 1 አሸነፈች። በኦክቶበር ፊፋ አገሪቱን ለሁለተኛ ጊዜ አገደ፤ እገዳው እስከ 2007 መጀመሪያ ዘለቀ።

ከዚህ ጀምሮ ነው የኦሊች ስም ከጎል ይልቅ ከውዝግብ ጋር መነሣት የበዛው። ነገሩ በጣም ተራ ከሆነ ጉዳይ ይጀምራል፤ ከአውሮፕላን ቲኬት። አውሮፓ የሚጫወት አፍሪካዊ ለብሔራዊ ቡድኑ የሚለቀቀው ክለቡ የሳምንቱን መጨረሻ ጨዋታ ከጨረሰ በኋላ ነው። ቲኬቱን የሚልከው ፌዴሬሽኑ ነው፤ ካልላከ ወይ ተጫዋቹ ከኪሱ ይገዛል፣ ወይ ይቀራል። ገዝቶ ከመጣ ገንዘቡን ማስመለስ ሌላ ክርክር ነው። ናይሮቢ ከደረሰ በኋላ ደግሞ የአበሉና የድል ጉርሻው ጉዳይ አለ። በእነዚያ ዓመታት የሃራምቤ ስታርስ ተጫዋቾች ክፍያ ዘገየብን ብለው ያላማረሩበት ጊዜ ጥቂት ነው። አብዛኞቹ ዝም ይሉ ነበር፤ ምክንያቱም ሊተኩ ይችላሉ። ኦሊች ሊተካ አይችልም፤ ስለዚህ ይናገር ነበር። ዘግይቶ ይመጣል፣ አንዳንዴም ይቀራል፣ ለጋዜጠኛ የሚናገረውም ለስላሳ አልነበረም።

የሚጎዳው ግን ቡድኑ ነበር። አሰልጣኝ ቅርጽ የሚሠራው በልምምድ ነው። ዋናው አጥቂ ማክሰኞ ይምጣ ሐሙስ ሳይታወቅ ልምምድ የሚጀምር ቡድን ሁለት ዕቅድ ይይዛል፤ ከሁለቱ አንዱንም በደንብ አያጠናም። ሳምንቱን ሙሉ በቦታው የተለማመደው የአገር ቤት አጥቂ በጨዋታው ዋዜማ ወደ ተቀያሪ ወንበር ይመለሳል። ይህ ሲደጋገም ልጁ ልምምዱን በሙሉ ልብ መሥራት ያቆማል። ቅሬታውን የሚሰማው ኦሊች አይደለም፤ አሰልጣኙ ነው። ኦሊችም ሲመጣ የሚያገኘው የሚያውቀውን ቡድን አይደለም፤ ኳስ ሰጥቶት «አንተ ጨርሰው» የሚል ቡድን ነው።

ይህ አጨዋወት በጥሩ እጅ ሲያዝ ግን ሠርቷል። በ2008 ፍራንሲስ ኪማንዚ አሰልጣኝ ሆኖ ጊኒን፣ ዚምባብዌንና ናሚቢያን በያዘው ምድብ ኬንያን ወደ መጨረሻው የማጣሪያ ዙር አሳለፈ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ቡድኑ በፊፋ ደረጃ 68ኛ ሆነ፤ ከዚያ በፊትም በኋላም ያልደረሰበት ቦታ ነው። ኪማንዚ የማታሬ ሰው ነው፤ ኮከቡንም ሌሎቹንም በአንድ ዓይን ማየት ይችል ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከባለሥልጣናቱ ጋር ተጋጭቶ ሄደ። በ2009 መጀመሪያ ጀርመናዊው አንቷን ሄይ ተካው። ኬንያ በናይጄሪያ፣ በቱኒዚያና በሞዛምቢክ ምድብ ከስድስት ጨዋታ አንዱን ብቻ አሸነፈች። ኖቬምበር 14 ቀን 2009 ናይሮቢ ላይ ናይጄሪያን ስትገጥም ኦሊች በ16ኛው ደቂቃ አስቆጠረ፤ ናይጄሪያ 3 ለ 2 አሸንፋ ወደ ዓለም ዋንጫ አለፈች። ሄይም በዚያው ወር ሄደ። በዚህ ሁሉ መካከል በአገሪቱ ሁለት ተቀናቃኝ የእግር ኳስ አካላት «ፌዴሬሽን እኔ ነኝ» ይባባሉ ነበር። ተጫዋቹ ቲኬቱን ከየትኛው እንደሚጠብቅ እንኳ ግልጽ ባልነበረበት ጊዜ ተግሣጽ ከማን ሊቀበል ኖሯል?

የኦሊችን ጠባይ ለመመዘን ኦሴር ላይ ያደረገውን ማየት ይጠቅማል። በዣን ፈርናንዴዝ አሰልጣኝነት ክለቡ የ2009/10ን የውድድር ዘመን በሦስተኛነት ጨረሰ። የቡድኑ የመሐል አጥቂ ፖላንዳዊው ኢሬኔውሽ የለኝ ነበር። ኦሊች በብዛት በቀኝ መስመር ይሰለፍ ነበር፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ተከላካዩን ያግዛል፣ ሮጦ ኳስ ለሌላ ያቀብላል። ናይሮቢ ላይ ሁሉም ኳስ የሚላክለት ሰው እዚያ የሌላውን ጎል ያመቻች ነበር። በመከር 2010 ክለቡ ዜኒትን ጥሎ ቻምፒየንስ ሊግ ምድብ ገባ፤ ሪያል ማድሪድን፣ ሚላንንና አያክስን ገጥሞ በአንድ ድል መጨረሻ ሆነ። አንድ ሰው በሁለት ቡድን ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው ሆኖ ታየ ማለት ነው። በኦሴር ደመወዙ በቀኑ ይገባል፣ የጉዞው ሰዓት ይታወቃል፣ ቦታው ተለክቶ ይሰጠዋል። አስቸጋሪ የተባለው ጠባይ ከሰውየው ብቻ የመጣ ቢሆን ኖሮ ፈረንሳይም አብሮት በሄደ ነበር።

በ2011 መጨረሻ በኬንያ አንድ ፌዴሬሽን በምርጫ ተቋቋመ። ኪማንዚ ተመልሶ መጣ፤ ኦሊችም አምበል ሆነ። አምበልነቱ ብልህ ውሳኔ ይመስል ነበር፦ የሚያጉረመርመውን ሰው የሌሎችን ጉርምርምታ እንዲሸከም ማድረግ። ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2012 ኬንያ ቶጎን ናይሮቢ ላይ 2 ለ 1 ረታች፤ ሎሜ ላይ 1 ለ 0 ተሸንፋ ከሜዳ ውጭ በተቆጠረ ጎል ከአፍሪካ ዋንጫው ቀረች። ኪማንዚ እንደገና ተሰናበተ። በ1986 ፈረንሳይን በዓለም ዋንጫ የመራው ሄንሪ ሚሼል መጥቶ ዓመቱ ሳያልቅ ትቶ ሄደ። አምበሉ አሰልጣኝ ሲመጣና ሲሄድ በዓይኑ እያየ ነበር።

በ2013 መጀመሪያ ኃላፊነቱን የያዘው አዴል አምሩሽ የቡድኑን ማዕከል ቀየረ። አምበልነቱን በዚያው ዓመት ከሴልቲክ ወደ ሳውዝሃምፕተን ለተዛወረው አማካይ ቪክቶር ዋንያማ ሰጠ። ማርች 23 ቀን ኬንያ ካላባር ላይ የአፍሪካ ሻምፒዮኗን ናይጄሪያን እየመራች ቆይታ በጭማሪ ደቂቃ በተቆጠረባት ጎል 1 ለ 1 ወጣች። ዲሴምበር 12 ቀን 2013፣ ነጻነት የተገኘበት 50ኛ ዓመት በተከበረበት ዕለት፣ በአብዛኛው በአገር ቤት ተጫዋቾች የተሠራው ቡድን ናይሮቢ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፎ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ አነሣ። ሁለቱንም ጎሎች አለን ዋንጋ አስቆጠረ። ለዓመታት ኦሊችን ሲጠብቁ የኖሩ ልጆች ያለ እሱ ዋንጫ መውሰድ እንደሚችሉ በራሳቸው ሕዝብ ፊት አረጋገጡ። ነገር ግን አምሩሽም በኦገስት 2014፣ ቡድኑ በሌሶቶ ከተጣለ በኋላ ተባረረ። ችግሩ የኮከቡ ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ቡድን ያለ ኮከቡ ዋንጫ ሲወስድ በዚያው ዓመት በአንድ ኢትዮጵያዊ ላይም ደርሷል። የቀድሞው የቅዱስ ጊዮርጊስ አጥቂ ፍቅሩ ተፈራ ኦክቶበር 12 ቀን 2014 ኮልካታ ላይ ለአትሌቲኮ ደ ኮልካታ ተሰልፎ የሕንድ ሱፐር ሊግን የመጀመሪያ ጎል አስቆጠረ፤ ደስታውንም በአየር ላይ ተገልብጦ ገለጸ። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ከጎዋ ጋር በተደረገው ጨዋታ ተቃራኒውን ተጫዋች በግንባሩ በመምታቱ ሁለት ጨዋታ ታገደ። አምስት ጎል ካስቆጠረ በኋላ ከፍጻሜው በፊት ከቡድኑ ተለየ። ክለቡ ምክንያቱ ጉዳት ነው አለ፤ የሕንድ ጋዜጦች ግን ከአሰልጣኙ አንቶኒዮ ሎፔዝ ሀባስ ጋር አለመግባባቱን ጻፉ። ኮልካታ ያለ እሱ በጭማሪ ደቂቃ ጎል ኬረላን 1 ለ 0 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። እዚያም ተተኪ ነበረ፤ ቡድኑ በአንድ ሰው ላይ አልቆመም።

የኬንያ ተተኪ ማይክል ኦሉንጋ ነው። ኢትዮጵያውያን ኦክቶበር 14 ቀን 2018 ካሳራኒ ስታዲየም ያዩትን አይረሱም፤ ከአራት ቀን በፊት ባሕር ዳር ላይ 0 ለ 0 የተለያየው ቡድን ናይሮቢ ላይ ዋሊያዎቹን 3 ለ 0 ሲረታ አንዱ ጎል የኦሉንጋ ነበር። ኬንያ በዚያ ምድብ አልፋ ለ2019ኙ የአፍሪካ ዋንጫ ደረሰች። ጁን 27 ቀን 2019 ካይሮ ላይ ታንዛኒያን 3 ለ 2 ስታሸንፍ ሁለቱ ጎሎች የእሱ ነበሩ። ከቢዘርቴ ወዲህ የተገኘ የመጀመሪያ የአፍሪካ ዋንጫ ድል ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት ፈጅቷል።

ኦሊች በዚያ ጊዜ የመጨረሻ ማሊያውን ለብሶ ነበር። በጃንዋሪ 2019 በሠላሳ ሦስት ዓመቱ ለጎር ማሂያ የሁለት ዓመት ውል ፈረመ። ፌብሩዋሪ 3 ቀን ጎር ማሂያ የግብፁን ዛማሌክ ካሳራኒ ላይ 4 ለ 2 ሲያሸንፍ ከአስቆጣሪዎቹ አንዱ እሱ ነበር። ዛማሌክ በዚያ ዓመት የኮንፌዴሬሽን ዋንጫውን የወሰደ ቡድን ነው። በጁላይ የኪብራ ምርጫ ክልል የፓርላማ አባል ኬን ኦኮት ሲሞት ኦሊች ለወንበሩ ልወዳደር አለ፤ የፈለገው ፓርቲ ግን ሌላ ዕጩ አቀረበ። ክለቡ ከሥራው ቀርቷል በሚል ውሉን አቋረጠ። ኖቬምበር 7 ቀን በተደረገው ምርጫ ኢምራን ኦኮት ሲያሸንፍ ሁለተኛ የወጣው የብሔራዊ ቡድን ባልደረባው የነበረው ማክዶናልድ ማሪጋ ነው።

ኦሊች ለሃራምቤ ስታርስ በ76 ጨዋታ 34 ጎል አስቆጥሯል። ከእነዚህ መካከል በአፍሪካ ዋንጫ መድረክ የተቆጠረው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቢዘርቴ ላይ፣ በ19ኛ የልደት ቀኑ።